ከልክ በላይ የተቆረጠ የቮልስ ሲሊንደር፤ መዳኛ አለው?

የአባቴ ቮልስ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1968 ቮልስ ነው፣ ባለ 1300 ሞተር። የአባቴ ነበር። ልጆች እያለን በየጠዋቱ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ትምህርት ቤት የሚያደርሰን በእሱ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ የምነዳው እኔ ነኝ። ስለዚህ «ሽጪውና ተገላገዪ» የሚለውን ምክር አደራ ተዉልኝ።

ባለፈው ዓመት ዘይት መብላት ጀመረ። በ500 ኪሎ ሜትር ወደ አንድ ሊትር ይጨርሳል። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ጠቅላላው 2.5 ሊትር መሆኑን አትርሱ። ለቦሎ ምርመራ ስወስደው ከኋላ የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስ አይቼ እኔው አፈርኩ። ሞተሩ ወረደ። መካኒኬ «ሲሊንደሮቹ ተበልተዋል፣ ሪቦር ይደረጉና (ውስጣቸው ተቆርጦ ይስፋና) የ0.50 ፒስተን፣ ማለትም ከመጀመሪያው 77 ሚሊ በግማሽ ሚሊ የሚሰፋው፣ ይግባባቸው» አለኝ።

አራቱንም ሲሊንደር መሃል ከተማ ወዳለ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩ። ስሙን አልጠራም። ያን ጊዜ ፒስተኖቹ ገና አልተገዙም። ሰውየው «ችግር የለም፣ ቁጥሩ ይታወቃል፣ 77.5 ነው» ብሎ ቆረጠልኝ። ፒስተንና ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) የተገኘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሶማሌ ተራ ነው። ተገጠመ፣ ተነሳ፣ እልል አልኩ።

ደስታዬ ሳምንት አልቆየም። ጠዋት ሲነሳ ባዶ ቆርቆሮ በማንኪያ እንደመምታት ያለ ድምፅ አለው። ሲሞቅ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ጭሱ እንዳለ ነው። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) አስለካሁ፤ ከአንድ እስከ አራት 85፣ 80፣ 60፣ 82 ፒ.ኤስ.አይ ሆነ። የነዳሁት 400 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

መካኒኬ አሁን ሲሊንደሮቹ ከልክ በላይ ሳይሰፉ አልቀሩም ይላል። ሰፍቶ የተቆረጠ ብረት ይመለሳል? ወይስ አዲስ ሲሊንደር ልፈልግ?

---

የካዛንቺስ ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

አይዞሽ እህቴ። እኔ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ሃያ ሃምሳ ዘይት አስገብቼ ድምፁ ቀንሶልኛል። ሞተር ከማውረድሽ በፊት እሱን ሞክሪ። ብዙ ወጪ የለውም።

---

ሞተር ወዳጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ወንድሜ፣ ወፍራም ዘይት ድምፅ ያፍናል፤ የሰፋ ቀዳዳ ግን አይሞላም። በዚያ ላይ ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ወፍራም ዘይት ለመድረስ ይዘገያል፣ እስኪደርስ ብረት ብረትን ይበላል።

ስለ ኮምፕሬሽኑ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይደነግጣል። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። መጽሐፉ 110 ካለ እዚህ 85 ብታገኚ ሞተሩ ደህና ነው። ስለዚህ 85፣ 80 እና 82 አያስፈሩኝም። የሚያስፈራኝ 60 ነው። ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ይህን ያህል መራራቅ የለባቸውም።

«በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረሽ ድጋሚ ለኪ» የሚልሽ ይኖራል። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ በቆመ ሞተር ጥሩ ዘዴ ነው። የቮልስ ሲሊንደር ግን የተኛ ነው፤ ዘይቱ ወደ ታች ይሰበሰብና የላይኛው የፋሻ ክፍል ደረቅ ይቀራል። ብዙም አትመኚበት።

ሦስተኛው መሆኑም አልገረመኝም። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ስለሚቆም የሚደርሰው አየር የሞቀ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

---

ጎማ ቁጠባ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:10

በወፍራም ፋሻ አይፈታም? ኦቨርሳይዝ ፋሻ ገዝቶ ጫፉን በሞረድ እያስተካከሉ ማስገባት ይቻላል።

---

ሠራተኛ ሰፈር ቶርኖ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:40

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከ40 ዓመት በላይ ቶርኖ ላይ ቆሜአለሁ። ይህን ጥፋት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ ተረጋጊ።

ፒስተኑ እጅ ሳይገባ ሲሊንደር አይቆረጥም። 77.5 የሚለው የሲሊንደሩ ስም እንጂ የፒስተኑ ልክ አይደለም። ፒስተኑ ሁልጊዜ ትንሽ ያንሳል። ምን ያህል እንደሚያንስ ደግሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አዲስ ቮልስ ላይ በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ያለው ጆኮ (ክፍተት) ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ነው። 0.20 ከደረሰ አልቋል ይባላል። ራስ ጠጉር ወደ 0.07 ሚሊ ይወፍራል። ትክክለኛው ጆኮ ከአንድ ጠጉር ይቀጥናል ማለት ነው። ታዲያ ፒስተኑን ሳያይ በስም የሚቆርጥ ሰው ይህን እንዴት ያገኘዋል?

አባቴ የድሮ መሣሪያ ያውቁ ነበር። የውጅግራ ጠመንጃ አፈሙዝ 11 ሚሊ ነው። ከዚያ የቀጠነ ጥይት ከገባበት የባሩዱ ግፊት በጎኑ ያመልጣል፣ ጥይቱም በአፈሙዙ ውስጥ እየተንገዋለለ ይወጣል ይሉ ነበር። ያንቺም ፒስተን እንደዚያ ነው። እየተንገዋለለ ግድግዳውን ይመታል። ጠዋት የምትሰሚው ድምፅ እሱ ነው።

የፋሻው ሐሳብ አይሠራም። ፋሻ ጋዝና ዘይት ይይዛል፣ ፒስተኑን ግን ቀጥ አድርጎ አያቆምም። ፒስተኑ ሲወዛወዝ ፋሻው አብሮ ይጋደላል፣ ጠርዙ ይበላና በጥቂት ወር እዚያው ትመለሻለሽ።

አሁን የማዝሽን አድርጊ። ሞተሩን አስወርጂ። ሲሊንደሮቹን ከነፒስተናቸው፣ ቁጥራቸውን ጽፈሽ፣ ሳይቀላቀሉ አምጪልኝ። ሱቄ ድሮ ሠራተኛ ሰፈር ነበር፣ አሁን ተክለ ሃይማኖት ነኝ። በውስጥ መስመር አድራሻውን እልክልሻለሁ። ለመለካት አላስከፍልም።

---

የአባቴ ቮልስ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ «ተረጋጊ» ሲሉኝ በእውነት ተረጋጋሁ። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ።

---

ሞተር ወዳጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:05

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሦስተኛው ብቻ ለይቶ 60 የሆነው በሙቀት አይመስልዎትም?

---

ሠራተኛ ሰፈር ቶርኖ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

ሙቀት ሦስተኛውን እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ግን በ400 ኪሎ ሜትር? እኔ የምጠረጥረው አያያዙን ነው። ሳላየው አልፈርድም።

---

የአባቴ ቮልስ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:00

ዛሬ ጋሼ ሱቅ ዋልኩ። ያየሁትን ሁሉ ልጻፍ፤ ነገ ለሌላው ይጠቅማል።

መጀመሪያ ሲሊንደሮቹንና ፒስተኖቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ሻይ አዘዙ። ለምን አንጀምርም ስላቸው «ብረቱ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ» አሉኝ። ከፀሐይ የገባ ብረትና ጥላ ውስጥ ያደረ ብረት እኩል አይለካም። እጃቸው ውስጥ የቆየ ፒስተን እንኳ ማይክሮሜትሩን ያታልላል።

ፒስተኑን የለኩት ከታች፣ ከፒኑ በተሻገረው አቅጣጫ ነው። ከላይ ጠበብ ያለ ስለሆነ እዚያ የሚለካ ሰው ይሳሳታል። አራቱም 77.44 መጡ። ሲሊንደሩን ደግሞ ከላይኛው ጠርዝ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ወረድ ብለው በቦር ጌጅ (የቀዳዳ ስፋት መለኪያ) ለኩ። አንደኛው 77.58፣ ሁለተኛው 77.60፣ ሦስተኛው 77.66፣ አራተኛው 77.61። ጆኮው 0.14፣ 0.16፣ 0.22 እና 0.17 ሆነ ማለት ነው። ሦስተኛው ከመጨረሻው ወሰን አልፏል።

ከዚያ ያላሰብኩትን አሳዩኝ። ሦስተኛውን ሲሊንደር ይዘው ሆኒንጉን (ውስጡን የሚያለሰልሰውን ድንጋይ) ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አዞሩበትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት። ውስጡ ላይ ሦስት የሚያበሩ ረጃጅም መስመሮች ወጡ፣ በመካከላቸው ሦስት ደብዛዛ ቦታ። «እይ» አሉኝ፤ ከተገረሙ አንቺም አንተም ይሆንባቸዋል። «እነዚህ የቶርኖው ሦስት መንጋጋዎች ናቸው።»

---

ሠራተኛ ሰፈር ቶርኖ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:30

ይህቺን እኔ ላብራራ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነውና።

የቮልስ ሲሊንደር እንደ ሌላው መኪና ከብሎክ ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ አይደለም። አራቱ ለየብቻ የቆሙ፣ ውጫቸው ክንፍ ክንፍ ያለው ቀጭን የብረት ቱቦ ናቸው። ቱቦውን ባለ ሦስት መንጋጋ ቶርኖ ላይ ከጎኑ አጥብቀሽ ከያዝሽው በሦስት ቦታ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። እንደጎበጠ ክብ አድርገሽ ትቆርጪዋለሽ። መንጋጋውን ስትፈቺ ብረቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ክብ የነበረው ቀዳዳ ባለ ሦስት ማዕዘን ዓይነት ይሆናል። ለዓይን አይታይም።

የከፋው ይህ ቅርጽ ከመለኪያም መደበቁ ነው። ባለ ሁለት ነጥብ ቦር ጌጅ ከአንዱ ወገን ወደ ትይዩው ነው የሚለካው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ቀዳዳ በአንድ ወገን ሲጠብ በትይዩው ይሰፋል፣ ድምሩ እኩል ይመጣል። ዘጠኝ ጊዜ አዙረሽ ብትለኪ ዘጠኝ ጊዜ ደህና ነው ይልሻል። ፋሻው ግን ያውቀዋል። በሦስት ቦታ ይነካል፣ በሦስት ቦታ ያስተነፍሳል። 60 የመጣው ከዚህ ነው።

ቮልስን የሚቆርጥ ሰው ሲሊንደሩን ከጎኑ አይጨብጥም። በታችኛው ወንበሩ አቁሞ ከላይ በወፍራም ሰሌዳ ተጭኖ በረጃጅም ብሎን ያስረዋል። ሞተሩ ውስጥ የሚታሰረውም እንዲሁ ነው፤ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ከላይ እየተጫነው። የያዝነው በሚሠራበት አኳኋን ከሆነ የምንቆርጠውም የሚሠራበትን ቅርጽ ይይዛል።

---

ሞተር ወዳጅ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:55

ጋሼ፣ ተምሬአለሁ። ሙቀት ነው ያልኩትን አንስቻለሁ። እኔ ራሴ ስንቱን በቦር ጌጅ ብቻ ለክቼ አሳልፌአለሁ።

---

ጎማ ቁጠባ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:15

የፒስተኑን ጎን በጥርሳም መሣሪያ መቀጥቀጥስ? አባቶቻችን ጋራዥ ውስጥ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ብረቱ እየተነሳ ልኩ ይጨምራል።

---

ሠራተኛ ሰፈር ቶርኖ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:40

እኔም አድርጌዋለሁ፣ ዕቃ በጠፋበት ዘመን። ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ያበርዳል። የተነሣው ጥርስ ግን ቶሎ ይታሻል። ክብ ያልሆነ ቀዳዳንም ክብ አያደርግም። ዕቃ ከተገኘ አልመክርም።

ያንቺ መንገድ አንድ ነው። የ1.00 ፒስተን ይፈለግ፣ ማለትም 78 የሚባለው። ከ77.66 ወደ 78 ለመድረስ በየጎኑ የሚነሳው 0.17 ሚሊ ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ የሦስቱ መንጋጋ ጉብጠትም አብሮ ይጸዳል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ይችለዋል። ከ78 በኋላ ግን ሌላ ዕድል የለም፣ አዲስ ሲሊንደር ነው። ስለዚህ አሁን መሳሳት አንችልም። ፒስተኑ እጄ ካልገባ ማሽኑን አላስነሳም።

---

የካዛንቺስ ልጅ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:20

1600 ለምን አታደርጊውም? 85.5 ሲሊንደር በብዛት አለ ይባላል።

---

ሞተር ወዳጅ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 5:00

የ1300 ሞተር ቤቱ ራሱ ለ85.5 አይበቃም። የሞተሩም ቤት፣ ቴስታታውም መቆረጥ አለባቸው። ቀዳዳ በዝቶ የተቸገረችን ሰው ሌላ ስምንት ቀዳዳ አናስቆርጣት።

---

ሶማሌ ተራ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:30

ክሩን ስከታተል ነበር። ጎረቤቴ ሱቅ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ መካከል የ78 ፒስተን አራት ከነፋሻው አገኘሁ። የዘይት ወረቀቱ ገና አልተፈታም። እህቴ፣ እስከ ሐሙስ እንዲያስቀምጥልሽ ነግሬዋለሁ። ሳጥኑን አትመኚ፣ ማይክሮሜትር ይዘሽ ነይ።

---

የአባቴ ቮልስ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

ሄድኩ፣ ጋሼም ማይክሮሜትራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አብረውኝ መጡ። አራቱም 77.95 ናቸው። ሚዛን ላይም አስቀመጥናቸው። በቀላሉና በከባዱ መካከል 6 ግራም ልዩነት አለ፤ እስከ 10 ይፈቀዳል። ገዛኋቸው። ሶማሌ ተራ፣ አንተን በአካል ሳላገኝህ መመለሴ ቆጭቶኛል።

---

የአባቴ ቮልስ · ከ11 ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10:00

ተሠርቷል።

ጋሼ አራቱን ሲሊንደሮች በፒስተኖቻቸው ልክ 78.00 ላይ አቆሙልኝ፤ ጆኮው 0.05 ሆነ። በመጨረሻ ትንሿን ልዩነት በሆኒንግ ነው ያወጡት። ግድግዳው ላይ እርስ በርሱ የሚሻገር ስስ ጭረት ተሳለ። ዘይት የሚይዘው ያ ጭረት ነው።

እኔ የሠራሁት እጥበቱን ነው። በቤንዚን አጥቤ ጨርሻለሁ ስላቸው ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክረው ሰጡኝ። «ጥረጊው» አሉ። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ቤንዚኑ የሆኒንጉን ድንጋይ ዱቄት ጭረቱ ውስጥ ትቶት ነበር። ፍል ውኃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይዤ እንደገና ጀመርኩ። ሦስተኛውን ሲሊንደር አምስት ጊዜ አጠብኩት። በአምስተኛው ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ጋሼ ምንም ሳይሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ዘይት ቀባነው፣ አለበለዚያ ዝገት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ፋሻዎቹን ለየብቻ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተን የጫፋቸውን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለካን። የላይኞቹ ሁለቱ ከ0.30 እስከ 0.45 መካከል መሆን አለባቸው፤ የእኔ 0.35 አካባቢ ናቸው። የፒስተኖቹ ቀስት ወደ ቮላኖው (ከሞተሩ ጫፍ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ዞሮ ገባ።

በመጀመሪያው መነሣት ቆሞ እንዲሠራ አልተውነውም። ቫልቭና ዘይት አይተን ወዲያው መንገድ ወጣን። ከለገሀር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁ፣ ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው። ዳገቱ ፋሻውን ከግድግዳው ጋር ያስማማዋል አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስንደርስ መስኮቱን አውርደው ጆሮአቸውን ወደ ኋላ ሰጡ። ቆርቆሮው የለም።

ዛሬ 300 ኪሎ ሜትር ሞላኝ። ኮምፕሬሽን 88፣ 87፣ 86፣ 88። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ምልክት ለዓይን የሚታይ ለውጥ የለውም። 500 ላይ ዘይቱን እቀይራለሁ።

---

ሞተር ወዳጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 11:15

እንኳን ደስ አለሽ! አንድ ነገር ግን አትርሺ፣ የመጀመሪያዎቹ ሲሊንደሮች ለምን ተበሉ? የአየር ማጣሪያሽ በዘይት የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ከፍተሽ እዪው። ብዙ ቮልስ ላይ ዘይቱ ደርቆ ጭቃ ሆኖ ነው የሚገኘው። የመንገድ ሥራ ባለበት ከተማ ያ አቧራ ቀጥታ ሲሊንደር ይገባል። ከሲሊንደሮቹ ሥር ያለው፣ ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣውን አየር የሚቀንሰው ቴርሞስታትም ካለ እንዳይወልቅ። «አገሩ ሞቃት ነው» ብለው የሚያወልቁት አሉ። አዲስ አበባ ጠዋት ሞቃት አይደለችም። ሞተር ሳይሞቅ የሚሠራባት እያንዳንዷ ደቂቃ ሲሊንደር ትበላለች።

---

የአባቴ ቮልስ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:05

ማጣሪያውን አሁን ከፈትኩት። ዘይቱ እንዳልከው ጭቃ ሆኗል፣ በጣቴ ስነካው አይፈስም። ነገ ይታጠባል። ቴርሞስታቱ የለም፣ ማን እንዳወለቀው አላውቅም። ያለው ሰው ይንገረኝ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ያወጣኋቸው አራት የ77.5 ፒስተኖች የሠሩት 400 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ጋሼ ለክተው ደህና ናቸው ብለዋል። ይወድቃሉ?

---

የቀበና ቮልስ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:40

እህት ዓለም፣ አይወድቁም! የእኔ 1300 ነው፣ ሲሊንደሮቹ ተቆርጠው አያውቁም፣ ገና በ77ነታቸው ናቸው። አሁን ጭስ ጀምሯል። ለፒስተኖቹ የምትዪውን እከፍላለሁ፣ ቴርሞስታትም ትርፍ አለኝ። ጋሼ፣ እነዚህን ይዤ ብመጣ ይቆርጡልኛል?

---

ሠራተኛ ሰፈር ቶርኖ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2:00

77.44 ናቸው፣ ደብተሬ ላይ ጽፌአቸዋለሁ። 77.49 ላይ አቆምልሃለሁ። ፋሻ አዲስ ግዛ። ግን ፒስተኖቹን መጀመሪያ ከእሷ ተቀብለህ፣ ከሲሊንደሮቹ ጋር አንድ ላይ ይዘህ ና።